ሞሪስ ማሪና ልግዛ? ጥያቄና መልስ

እንግሊዝ ያላችሁ አባላት እንደ ሞሪስ ማሪና ያለ የ1970ዎቹን የእንግሊዝ የቤተሰብ መኪና ስለመግዛት ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ ከሰዓት እመልሳለሁ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ሁለት ማሪና ነበሩኝ፤ አንዷን ዝገት በላት።

ከሊድስ፦ ጋሼ፣ የ1974 ማሪና 1.3 አግኝቻለሁ። ሞተሩ ቁልፍ እንደነኩት ይነሳል። ልግዛት?

መልስ፦ ስለ ሞተሩ ማን ጠየቀህ? 1275 ሲሲው ሚኒ ላይም የተገጠመ ነው፤ መለዋወጫው ሞልቷል። የሚቸግረው ላሜራው ነው። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሮቹ ሥር ያለውን ደፍ ከፊት እስከ ኋላ ዳስስ። ማግኔቱ የያዘበት ብረት ነው፣ የተንሸራተተበት ስቱኮ። ከዚያ ምንጣፉን ግለጥ። እኔ የመጀመሪያዋን ስገዛ ሻጩ ሻይ እያጠጣኝ ምንጣፉን ሳልገልጥ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሳየው የሾፌሩ እግር ሥር ጋዜጣ ተለጥፎ ሬንጅ ተቀብቷል። የኳስ ውጤቱ ሁሉ ይነበብ ነበር።

ደግሞ 40 ዓመት ያለፈው መኪና ብዙ ካልተቀየረ ከሜይ 2018 ወዲህ ዓመታዊ ምርመራ አይገደድም። ስለዚህ ሥሩን ለዓመታት ማንም ላያየው ይችላል። ከፍለህ አስመርምር።

ከለንደን፦ አየር የሚበክል መኪና ለንደን ውስጥ የሚከፍለው የዩሌዝ ክፍያስ?

መልስ፦ ሊብሬው ላይ «ሂስቶሪክ» (ታሪካዊ) ከተባለ የለም። የመሃል ከተማው የትራፊክ መጨናነቅ ክፍያ ግን አለ።

ከበርሚንግሃም፦ ፎርድ ኮርቲና አይሻልም?

መልስ፦ ሁሉም ስለሚፈልገው ውድ ነው። ፒንቶ የሚባለው የፎርድ ሞተር ያለውን ካየህ ኮፈኑን ክፈትና ጆሮህን ስጠው። ቫልቮቹን ለሚከፍተው ዘንግ፣ ለካምሻፍቱ፣ ዘይት የሚረጨው ቀጭን ቧንቧ ሲደፈን ካምሻፍቱ ይበላና ይንኳኳል። ማግኔት ይዘህ ሂድ።

ከብሪስቶል፦ በእግዜር፣ የእንግሊዝ መኪና ከምን ይቆጠራል! አባቴ አዲስ አበባ ፊያት 124 ነበረው፤ አንድ ቀን አላቆመውም።

ከሊቨርፑል፦ ላዳ የተቀዳው ከእሱ አይደል? ታክሲ ሆኖ ስንት ዘመን አገለገለ!

ከበርሚንግሃም፦ ኢራንም እኮ ሂልማን ሃንተርን ፔይካን ብላ እስከ 2005 ሠርታዋለች። የእንግሊዙን አትናቁ።

መልስ፦ የአባቶቻችሁን መኪና ሌላ ቀን አወዳድሩ።

ከኮቨንትሪ፦ ኦስቲን አሌግሮስ?

መልስ፦ አራት ማዕዘን ሊሆን ምንም ያልቀረው መሪ ያለው? የእሱን ሃይድራጋስ፣ በጋዝና በፈሳሽ የሚሠራውን ሞላ፣ እኔ አልነካም። ሌላ ሰው ጠይቅ።

ከኖቲንግሃም፦ የእኔ ማሪና መሪው ይከብዳል፣ ፊቷም ይንቀጫቀጫል።

መልስ፦ ተባረክ፣ እንዲህ ነው ጥያቄ። የማሪና የፊት እግር አሠራር ከ1948ቱ ሞሪስ ማይነር የተወረሰ ነው። ጎማውን የያዘው ቋሚ ብረት ታችኛው ጫፉ እንደ ብሎን ጥርስ አለው፤ ትራኒየን በሚሉት ውስጥ ይዞራል። መሪ በጠመዘዝክ ቁጥር ጥርስ ከጥርስ ይፋተጋል፤ ግራሶ ካጣ ይበላላል። በክሪክ አንሳት፣ መደገፊያ አስገባ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ቀጭ ቀጭ ካለ ትራኒየኑን ፍታና እይ። ጤነኛ ከሆነ አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ ግፋበት። እኔ በየ3,000 ማይሉ እንዲህ አደርጋለሁ፤ ባለቤቴ «ከእኔ ይልቅ እሷን ትቀባለህ» ትለኛለች። ሾኩም እንደ ዛሬው ቱቦ ሳይሆን ዘይት የተሞላ፣ ክንድ ያለው ሳጥን ነው። ዘይት ካፈሰሰ ጉድጓድ ባለፍክ ቁጥር ፊቷ ሲወዛወዝ ይቆያል።

ከሌስተር፦ ቤንዚኑስ?

መልስ፦ ከ2021 ወዲህ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው፤ አሮጌ የጎማ ቱቦ ያበላሻል። ኤታኖሉ ከ5 በመቶ የማይበልጠውን ኢ5 ቅዳ።

ከለንደን፦ አዲስ አበባ ብልካትስ?

መልስ፦ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። ቀጥል።

ከግላስጎው፦ ጥሩ መኪና የቱ ነው?

መልስ፦ ለምን? በስንት? ዝናብ ላይ ነው የምታቆመው ወይስ ጋራዥ አለህ? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልመልስም።

ከሉተን፦ ሞተሩ ደህና ከሆነ ግን ሌላው ይስተካከላል አይደል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ። ማግኔት!

ከሊድስ፦ ጋሼ፣ አሁን ሻጩ ቤት ነኝ። በግራ በኩል ከፊት በር እስከ ኋላ ጎማ ማግኔቱ አልያዘም። ሰውዬው 200 ፓውንድ ልቀንስልህ ይላል፤ ሻይም ጥዶልኛል።

መልስ፦ ምንጣፉን ገለጥከው?