ለማርሚታ የሚሆን ብሎንና ስፔሰር፦ ከደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት ጥያቄና መልስ

የሞተር ሳይክላቸውን ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) በሌላ የሚለውጡ ሰዎች እኔ ዘንድ የሚመጡት ማርሚታውን ከገዙ በኋላ ነው፤ የሚያስሩበት ነገር ያጣሉ። ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ስፔሰር የምለው በማርሚታው ጆሮና በሻንሲው መካከል ገብቶ ክፍተቱን የሚሞላውን፣ መሐሉ የተቦረቦረ ድቡልቡል ብረት ነው።

ከደብረ ሲና፦ ከሌላ ሞተር ሳይክል የወረደ ማርሚታ ገዛሁ። ጆሮው ከሻንሲው አይገናኝም፣ መካከሉ ጣት ያስገባል። ረጅም ብሎን አስገብቼ ባጠብቀው ይጠጋ ይሆን?

ይጠጋል፤ ጣጣው የሚመጣው ከተጠጋ በኋላ ነው። ብሎን የሚያስረው ቦታውን ይዞ የተቀመጠን ነገር ነው። ጎትተህ ያመጣኸው ቱቦ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲታገል ይኖራል፤ የሞተሩ ንዝረት ሲጨመርበት ጆሮው ብየዳው ሥር ይሰነጠቃል። አለዚያም ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የተያያዘበት ይላላል።

ስለዚህ ሁሉንም አላላ። ለቴስታታው አዲስ ጓርኒሲዮን (ጭስ እንዳያመልጥ በመካከል የሚገባ ማሸጊያ) አስገባና የፊቶቹን ሁለት ዳዶዎች በእጅህ ብቻ አዙር። ሰው ማርሚታውን ከኋላ ይያዝልህ። በቀረው ክፍተት ውስጥ ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ስስ ክብ ብረት) አንድ በአንድ ደርድር፤ ሳይጣበብና ሳይንሿሿ ሲገጥም አቁም። ቁልሉን አውጥተህ በካሊፐር ለካ። ወደ ቶርኖ ቤት ይዘህ የምትመጣው ያንን ቁጥር ነው። “ጣት ያስገባል” ስትለኝ የማን ጣት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ሰሞኑን የሠራሁት 13.5 ሚሊ ሜትር ነበር። ውፍረቱ 20 ሚሊ ከሆነ ድፍን ብረት 15 ሚሊ ቆረጥሁ፣ አንዱን ፊት በቶርኖ አስተካከልሁ፣ መሐሉን በ8.5 በሳሁ (ለ8 ሚሊ ብሎን ነው)፣ ገልብጬ ሌላውን ፊት 13.5 እስኪሆን ላግሁት፣ ጠርዙን ገፈፍ አደረግሁት። ዋናው ነገር ሁለቱ ፊቶች ትይዩ መሆናቸው ነው። አንዱ ወገን ግማሽ ሚሊ ቢያዘነብል ብሎኑ ጎብጦ ይቀመጣል፣ የጎበጠ ብሎን ደግሞ ከጥርሱ ላይ ይሰበራል። አሮጌው ብሎን 25 ሚሊ ነበር፤ ስፔሰሩ ሲጨመር 38.5 ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 40 ገዛን። የተረፈው 1.5 ሚሊ ከቀዳዳው መጨረሻ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ክፍተቱ ከ30 ሚሊ ከበለጠ ስፔሰሩን ተወውና ከወፍራም ላሜራ ማሰሪያ አሠራ። ረጅም ስፔሰር ብሎኑን እንደ ዱላ ያወዛውዘዋል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ከአሉሚኒየም ይሻላል ወይስ ከብረት? የውሃ ቧንቧ ቆርጬ ብጠቀምስ?

እንደ ቦታው ነው። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከ200 ካለፈ ግን ጉልበቱ መድከም ይጀምራል። ሥራ ስጀምር ለቴስታታው በቅርብ ለሚገኝ ማሰሪያ ቀላል ነው ብዬ ከአሉሚኒየም ሠራሁ። ደንበኛው ሁለት ወር ሳይሞላ ይዞት ተመለሰ፤ የብሎኑ ጭንቅላት ስፔሰሩን እንደ ቅቤ ሰርጉዶ ገብቶበት፣ ብሎኑ በጣት የሚዞር ሆኖ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በነፃ በብረት ቀየርሁለት። ከዚያ ወዲህ አሉሚኒየም የምሠራው ለኋለኛው፣ ጎማ ላለበት ማሰሪያ ብቻ ነው።

የውሃ ቧንቧ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሲጠብቅ ይጨፈለቃል። ከላዩ የተቀባው ዚንክ ደግሞ ሲበየድ የሚያወጣው ነጭ ጭስ ሌሊቱን በብርድና በትኩሳት ያንቀጠቅጣል። ተወው።

ከመሐል ሜዳ፦ ከቴስታታው ወጥቶ ማርሚታውን የሚይዘው ብሎን ተሰበረ። ምን ላድርግ?

አትቸኩል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ የተሰበረው ብሎን ርካሽ፣ እሱ ውድ ነው። ዝገት የሚፈታ ዘይት ጨምርበትና እስከ ነገ ተወው። ትንሽም ብትሆን ወጣ ያለች ጫፍ ካለች ዳዶ ደርበህ በመሐሉ አስበይድ፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል። ሲበርድ በቁልፍ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያልህ አውጣው። በአንድ ጊዜ አትጠምዝዝ።

ከቴስታታው ገጽ እኩል ተሰብሮ ከሆነ ልክ መሐሉን በሹል ብረት መትቶ፣ በቀጭን መብሻ ጀምሮ መብሳት ነው። ጥርስ እንደገና ለማውጣት ለ8 ሚሊ ብሎን ቀዳዳው 6.8፣ ለ6 ሚሊ 5 ሚሊ ይሆናል። ጥርሱ ከተበላ የተጠቀለለ የብረት ሽቦ ጥርስ ይገባበታል፤ ከፋብሪካው ጥርስ አያንስም። ይህን በእጅ ትራፓኖ አትሞክር፤ ቴስታታውን ፈትተህ አምጣ።

ከዓለም ከተማ፦ ብሎኑን ከየት ልግዛ? ስቴንለስ ይሻላል?

ደብረ ብርሃን ካጣህ መርካቶ ሶማሌ ተራ፤ ያገለገለ ከፈለግህ ምናለሽ ተራ። የብሎኑን ጭንቅላት አንብብ። 8.8 የሚለው ከመበጠሱ በፊት 800 ሜጋ ፓስካል ይችላል፤ ኤ2-70 የሚለው ስቴንለስ 700። ስቴንለስ አይዝግም፣ ግን ስቴንለስ ዳዶ በስቴንለስ ብሎን ላይ ነክሶ እንደ ተበየደ ይሆናል፤ የመዳብ ግሪስ ቀባው።

ብሎንን በቁልፉ ቁጥር አትግዛ። የጃፓን ሞተር ሳይክሎች 8 ሚሊ ብሎን ብዙ ጊዜ በ12 ቁልፍ ይፈታል፣ የሌላው በ13። የ10 ሚሊ ብሎን ደግሞ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊም 1.5 ሚሊም አለ። በእጅ ሁለት ዙር ገብቶ ከጠነከረ አቁም፣ ጥርሱ ሌላ ነው።

ከአንኮበር፦ ምን ያህል ላጥብቅ?

መለኪያ ቁልፍ ካለ ለ6 ሚሊ 10፣ ለ8 ሚሊ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃል፤ የፋብሪካው መመሪያ ካለህ ግን እሱን ስማ። መለኪያ ከሌለህ፣ 10 ማለት አሥር ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን አሥር ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ ቢንጠለጠል የሚሰጠው ኃይል ነው። የቁልፍ እጀታ በቧንቧ የምታስረዝሙ ሰዎች፣ የመሐል ሜዳውን ጥያቄ አንብቡ። አንድ ጊዜ ሞቆ ከበረደ በኋላ እንደገና ሞክረው።

ከዚሁ ከደብረ ብርሃን፦ ማርሚታ ከቀየርሁ በኋላ ጣርማ በርን አልፌ ቁልቁል ስወርድ ማርሚታው እንደ ጠመንጃ ይተኩሳል። እዚህ ግን ደህና ነው።

መጀመሪያ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን እይ። ቀዝቃዛ ሞተር አስነሥተህ እጅህን ጠጋ አድርግ፤ ትንፋሽ ከተሰማህ አየር ያስገባል፣ የነዳጅ መስጫውን በለቀቅህ ቁጥር ይተኩሳል። ሁለት ጓርኒሲዮን ደርበህ እንዳትደፍነው።

ጓርኒሲዮኑ ደህና ከሆነ ነገሩ ከፍታው ነው። እዚህ 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተሩ ነዳጅ ያበዛል፤ ክፍት ማርሚታ ያንን ያቻችለዋል። ወደ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። የካርቡሬተሩን ዋና ነዳጅ ማሳለፊያ በአንድ ቁጥር ከፍ አድርገውና ሻማውን እይ።

ከሞላሌ፦ ሩቅ ነኝ። ፎቶ ልላክና ሥራልኝ?

በፎቶ አልሠራም። ሮንዴላዎቹን እንደ ተደራረቡ በሽቦ እሰራቸው፣ አሮጌውን ብሎን ጨምርበትና በሚመጣ መኪና ላክልኝ።