መጀመሪያ አሽትቻቸው

ከአዘዞ አንዲት እህት ጽፋልኛለች። አባቷ በዘመናቸው የፊልም ድምፅ ቀራጭ ነበሩ። ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ከአልጋቸው ሥር በነበረው ሣጥን ውስጥ «አዲስ» የሚል የተጻፈባቸው 9 ትልልቅ ጥቅሎችና 14 ትንንሽ የቴፕ ሪሎች ተገኙ። «ልጥላቸው አንጀቴ አልቻለም» ትላለች። «በድሮው ፊልም ዛሬም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ ሲባል ሰማሁ፤ በነፃ ልሰጣቸው ነው። አንዱን ገለጥ ሳደርገው ጠርዙ የተበሳ ቡናማ ፊልም አየሁ። ብርሃን እንዳያጠፋው ብዬ ደንግጬ ዘጋሁት። ይሠራሉ? በአውሮፕላን ብልካቸውስ የኤርፖርቱ ማሽን ያበላሻቸዋል?»

እህቴ፣ አትደንግጪ። ያየሽው ካሜራ ውስጥ የሚገባ ፊልም አይደለም። ማግኔቲክ ፊልም ነው። ቡናማው ነገር ፕላስቲክ ላይ የተቀባ የብረት ዝገት ዱቄት ነው፤ ብርሃን ምንም አያደርገውም። የኤርፖርቱ የራጅ ማሽንም አይነካውም። ሣጥኑ ውስጥ ዙሪያውን በፕላስተር የታሸገ ቆርቆሮ ካለ ግን እሱን እንዳትከፍቺው። የካሜራ ፊልም ሊሆን ይችላል። ለዚያ ብርሃንም ራጅም ጠላቱ ነው።

ምን ይሠሩበት ነበር? ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በ16 ሚሊ ሜትር ሲቀርጽ በነበረበት ዘመን፣ ምስልና ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማሽን አይቀረጹም ነበር። ድምፁ እንደ ናግራ ባለ መቅረጫ፣ በአባትሽ ትንንሽ ሪሎች ላይ እንዳለው ባለ ሩብ ኢንች ቴፕ ይያዛል። ከዚያ ወደ ተበሳው 16 ሚሊ ማግኔቲክ ፊልም ይገለበጣል። ስፋቱና ቀዳዳው ከምስሉ ፊልም ጋር እኩል ስለሆነ፣ አርታዒው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አሰልፎ እኩል ይቆርጣቸዋል። በሴኰንድ 24 ምስል ሲሄድ በደቂቃ 36 ጫማ ያልፋል። ትልልቆቹ 1,200 ጫማ ከሆኑ አንዱ 33 ደቂቃ ይይዛል። ዘጠኙ አምስት ሰዓት ማለት ነው። ሩብ ኢንቹ ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ አዲስ ይመረታል። የተበሳው ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ስጦታሽ ቀላል አይደለም፣ ደህና ከሆነ።

ደህና መሆኑን በአፍንጫሽ ጀምሪ። ክዳኑን ከፍተሽ አሽትቺ። አቼቶ አቼቶ ከሸተተሽ ፕላስቲኩ አሴቴት የሚባለው ዓይነት ነው፣ መፍረስም ጀምሯል። የሚወጣው አሲድ ራሱን ያፋጥነዋል፤ ብረቱም ያባብሰዋል። አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ጥቅልም ይነካል። የሸተተውን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ክፍል አውጪው። በፌስታል ግን አትጠቅልይው፤ እንፋሎቱ ውስጡ ታፍኖ ይባስ ይበላዋል።

ያልሸተተውን ደግሞ በሜትር ለኪው። ሳትስቢው ጠረጴዛ ላይ ዘርጊና፣ ከአንዱ ቀዳዳ ተነስተሽ መቶኛው ቀጣይ ቀዳዳ ድረስ ቁጠሪ። 76 ሴንቲ ሜትር ከሁለት ሚሊ ገደማ መሆን አለበት። ከ75 ተኩል ካነሰ ተኮማትሯል። የማሽኑ ጥርስ ቀዳዳውን ይዘነጥለዋል። እንዲህ ያለውን ለሰው አይሰጡም።

ትንንሾቹ ሪሎች ሌላ በሽታ አለባቸው። በፈረንጆቹ 70ዎቹና 80ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ፣ በተለይ ጀርባቸው ጥቁር የተቀባው፣ ዱቄቱን ከፕላስቲኩ ያያያዘው ማጣበቂያ እርጥበት ይጠጣል። ታሽገው ቢቀመጡም አይድኑም። የጎንደር ክረምት ደግሞ ያው ታውቂዋለሽ። ሲጫወት ይጮሃል፤ የማሽኑን ሄድ (ድምፁን ከቴፑ የሚያነበውን ክፍል) በቡናማ ሙጫ ይደፍነዋል። ለመፈተሽ ጥቂት ሜትር አጫውቶ ሄዱን በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ ነው። ጥጡ በደንብ ከቆሸሸ ቴፑ አልቆለታል። በዝቅተኛ ሙቀት አብስሎ ማዳን ይቻላል የሚሉሽ አይዋሹም። ግን የሚያድነው ለጊዜው ነው፤ ያውም የሚደረገው የተቀዳን ድምፅ ለማትረፍ ነው። ለባዶ ቴፕ ምን ሊረባ? ቤትሽ ምድጃ ላይማ በጭራሽ እንዳትሞክሪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አዲስ» የሚለውን ጽሑፍ አትመኚው። ፋብሪካው ያሸገው ፕላስቲክ ካልተቀደደ እሺ። የተከፈተ ካርቶን ከሆነ ግን ከመስጠትሽ በፊት ከዳር እስከ ዳር መደመጥ አለበት። ይህን የምለው ተቃጥዬበት ነው። ገና ሥራ ስለምድ አንድ ደንበኛ ካርቶኑ ላይ «አዲስ» የተባለ ሪል ሰጠኝ። ሳላዳምጥ ሰርግ ቀዳሁበት። ከሳምንት በኋላ መጥቶ የእናቱን ድምፅ ጠየቀኝ። እናቱ በሕይወት አልነበሩም። ካርቶን ተሳስቶ ነው፣ ጥፋቱ የእሱም ነው ልትዪ ትችያለሽ። እኔ ግን ያን ዕለት ከሱቄ ሲወጣ ጀርባውን ዛሬም አየዋለሁ። አባትሽ ድምፅ ቀራጭ ነበሩ። የድምፅ ቀራጭ እጁ ላይ ማሽን ካለ የቤተሰቡን ቡና ላይ ጨዋታ፣ የልጆቹን ሳቅ ሳይቀዳ አይቀርም። ያንቺም ይኖርበት ይሆናል።

ማሽን ከሌለሽ ለሪል ቴፕ ጠጋኝ ውሰጂው። መጀመሪያ ግን መቅጃ ቁልፉን እንዳይነካ አስጠንቅቂው።

ከዚያ ለማን? ስጪኝ የሚልሽን ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «በምን ማሽን ልትጠቀምበት ነው?» መልሱ ከጠፋው ካፌ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው። (ፒያሳ ውስጥ ጌጥ የሆነ ሪል ባየሁ ቁጥር ቡናው ይመረኛል።) መቅረጫና የአርትዖት ጠረጴዛ ያለው ከተገኘ፣ ዘጠኙንም ጥቅል ለእሱ ስጪ። ለዚህም ለዚያም አንድ አንድ አትበትኚ። መቅረጫ ማሽን ለእያንዳንዱ የቴፕ ዓይነት ይስተካከላል፤ አምስት ሰዓት አንድ ዓይነት ፊልም ያለው ሰው አንዴ አስተካክሎ ሥራውን ይጨርሳል።

እያንዳንዱ ላይ የፋብሪካውን ስምና ቁጥር፣ የተከፈተ ወይም ያልተከፈተ መሆኑን፣ የት እንደቆየ ጻፊ። ያልተሞከረውን «አልተሞከረም» በይ። ነፃ ነው ተብሎ የሰው ማሽን አይበላሽም። የመላኪያውን ተቀባዩ ይክፈል፤ ማፈሪያ የለውም። ስታሽጊ ትንንሾቹ ሪሎች እንደ መጽሐፍ በጠርዛቸው ይቁሙ፣ አይተኙ። ስለ ማግኔት አትጨነቂ፤ ባዶ ቴፕ ላይ የሚጠፋ ነገር የለም። ይልቅ ፀሐይ የበላው መኪና ውስጥ እንዳይውሉ።

አቼቶ የሸተቱትን ለማንም አትስጪ። መሐላቸው ያለውን የፕላስቲክ እምብርትና ቆርቆሮውን ግን በፊልም የሚሠሩት ይፈልጉታልና በሳሙና አጥበሽ፣ አናፍሰሽ ለይተሽ ላኪ። ቆርቆሮው ያምራል ብለሽ በርበሬ እንዳታስቀምጪበት ብቻ። ሽታው ቶሎ አይለቅም።