መልስ፦ ኮምቦልቻ ላይ ያነሳሁት አውሮፕላን ለምን ጠቆረ? ፕሮፔለሩስ ለምን የቆመ መሰለ?

የጠቆረብህ ካሜራው የሰማዩን ብርሃን ስለለካ ነው። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያደምቀውን ወይም የሚያጠቁረውን ማስተካከያ) ወደ +1 ከፍ አድርገው። ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርጋት፤ እኩለ ቀን ላይ አትልፋ፣ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል።

ፕሮፔለሩ የቆመ የመሰለው ደግሞ በ1/2000 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ለብርሃን ክፍት የሚሆንበት ጊዜ) ስላነሳህ ነው። ይሄ ፍጥነት ለጄት ይሆናል። ያነሳኸው ኪው400 አውሮፕላን ግን ባለ ፕሮፔለር ስለሆነ 1/250 አካባቢ ሞክር፣ ሲሽከረከር ይታይልሃል።

የሻተር ፍጥነቱ ሲቀንስ እጅህ ቀጥ ማለት አለበት፤ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ጋ ነው።

1. ፎከሱን ኤኤፍ-ሲ (የሚንቀሳቀስን ነገር ያለማቋረጥ የሚከተል ፎከስ) ላይ አድርግ፤ ካኖን ከሆነ ኤአይ ሰርቮ ወይም ሰርቮ ይላል።
2. አውሮፕላኑን ገና ሩቅ ሳለ ያዘውና ከወገብህ እየዞርክ ተከተለው።
3. ቁልፉን ተጭነህም መዞርህን አታቁም።

መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ይደበዝዛል፣ ተስፋ አትቁረጥ። በረራ በሌለበት ሰዓት መንገድ ላይ በሚያልፍ ባጃጅ ተለማመድ፤ በጣም ይረዳል።

አንድ ነገር አደራ፦ ሳታስፈቅድ አየር ማረፊያው አጥር ሥር ካሜራ አታውጣ። ረጅም ሌንስ ጥበቃዎችን ቶሎ ያሳስባል። እኔ ሁሌም ቀድሜ ሄጄ እጠይቃለሁ። አይሆንም ካሉህ አትከራከር፣ ተመለስ።