«አስመሳይ» ሁሉ ይታሰር ይሆን?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በኢንተርኔት የሌላን ሰው ማንነት ይዞ ጉዳት ማድረስን ስለሚቀጣው ሕግ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ካሊፎርኒያ በኢንተርኔት ማስመሰልን በመንግሥት ሕግ ወንጀል አደረገች» ብዬ ነበር፤ አርታኢዬ ግን «ሐሰተኛ አካውንት መክፈትን» በለው ይለኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ አርታኢዎ ችግሩን አይተውታል፤ ያቀረቡት መፍትሔ ግን ከችግሩ ይብሳል። «ማስመሰል» በዛሬው አማርኛ ከድርጊት ይልቅ ጠባይን ይነቅፋል። «አስመሳይ» ስንል ልቡ ሌላ፣ አፉ ሌላ የሆነውን ሰው ማለታችን ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገርዎን ያነበበ ሰው ግብዝነት በእስራት የሚያስቀጣ ሆነ እንዴ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል (ቢሆን ኖሮ ወህኒ ቤቱ ባልበቃ)።

«ሐሰተኛ አካውንት መክፈት» ደግሞ ሕጉ ያልከለከለውን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮ የሚሠራው የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 528.5 የሚቀጣው፣ በእውን ያለን ሌላ ሰው፣ እያወቀና ያለ ሰውየው ፈቃድ፣ በሚያሳምን ሁኔታ መስሎ የቀረበን ሰው ነው፤ ያውም ዓላማው መጉዳት፣ ማሸማቀቅ፣ ማስፈራራት ወይም ማጭበርበር ሲሆን ብቻ። በፈጠራ ስም ገጽ የከፈተ ሰው የማንንም ማንነት ስላልወሰደ በዚህ አንቀጽ አይነካም።

እኔ የምመርጠው «መስሎ መቅረብ» የሚለውን ነው። «አባቱን ይመስላል» ስንል መልክን እንጂ ጥፋትን አንናገርም፤ «አባቱን መስሎ ቀረበ» ስንል ግን «ቀረበ» የሚለው ግሥ ድርጊትንና ተመልካችን ስለሚያመጣ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ማታለል መሆኑ ወዲያው ይሰማል። «በሌላ ሰው ስም መጠቀም» የሚለው ለቴክሳስ ሕግ ይቀርባል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ያ ሕግ የሌላን ሰው ስም ወይም ማንነት ተጠቅሞ ድረ ገጽ መክፈትን በስም ይጠቅሳልና። ይሁን እንጂ ውክልና የያዘ ሰውም በሌላ ሰው ስም ይፈርማልና፣ ይህን አነጋገር ከመረጡ «ያለ ፈቃዱ» የሚለውን ፈጽሞ አይተዉት።

አንድ ሌላ ቃል ላይም ይጠንቀቁ። ስለዚህ ሕግ ሲጻፍ «ተአማኒ በሆነ ሁኔታ» ማለት ይቀናል፤ ተአማኒ ግን በጠባዩ ወይም በታሪኩ እምነት የሚጣልበት ነው፣ አጭበርባሪ ደግሞ እንዲህ ሊባል አይችልም። የሕጉ መለኪያ፣ ሌላ ሰው ቀራቢው ያ የተመሰለው ሰው ነው ብሎ በምክንያታዊነት ሊያምን ይችላል ወይም አምኗል የሚል ስለሆነ፣ ቃሉ «አሳማኝ» ነው። ማንም የማይታለልበት ግልጽ ቀልድ ከአንቀጹ ውጭ የሚቀረውም በዚሁ መለኪያ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ቢጽፉት፦ «ካሊፎርኒያ፣ ሰውን ለመጉዳት፣ ለማሸማቀቅ፣ ለማስፈራራት ወይም ለማጭበርበር ሲባል፣ በእውን ያለን ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ በኢንተርኔት አሳማኝ በሆነ ሁኔታ መስሎ መቅረብን በግዛቷ ሕግ ወንጀል አድርጋለች፤ ቅጣቱም እስከ 1,000 ዶላር፣ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም ሁለቱም ነው።» ረዝሟል፤ ነገር ግን ከተዘረዘሩት ዓላማዎች አንዱን እንኳ ቢያወጡ የሕጉ ወሰን ይዛባል። «በመንግሥት ሕግ» ያሉትንም «በግዛቷ ሕግ» ያልኩት፣ ስለ አሜሪካ ሲወራ «መንግሥት» የሚለው አንባቢን ወደ ዋሽንግተኑ ፌዴራላዊ መንግሥት ስለሚወስደው ነው።