እንቁላሉ ይበላ ወይስ ይቅር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ቅሬታ አላቸው። «ትናንት አትብሉ ያላችሁንን ዛሬ ብሉ ትሉናላችሁ» የሚል ነው። ቅሬታው ይገባኛል። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«እናቴ ለዓመታት እንቁላል እንዳትነካ ተብላ ኖራለች። አሁን ጤና ጣቢያ ‹በቀን አንድ ቢበሉ ችግር የለውም› አሏት። የቱን እንመን?» (ከሽምብጥ)

የአሁኑን ይመኑ። የድሮውም ግን በክፋት የተነገረ አልነበረም። በ1968 የአሜሪካ የልብ ማኅበር በሳምንት ከ3 እንቁላል በላይ አትብሉ፣ በምግብ የምታገኙት ኮሌስትሮልም (በደም ውስጥ ሲበዛ የደም ሥር የሚያጠብ ስብ መሰል ነገር) በቀን ከ300 ሚሊግራም አይለፍ አለ። አንድ እንቁላል ወደ 200 ሚሊግራም ገደማ ስላለው ስሌቱ ትክክል ይመስል ነበር። በኋላ ጥናቱ ሲጠራ፣ በደማችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት እንደሆነ ጎልቶ ወጣ። በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከእንቁላሉ ይልቅ ከፍ የሚያደርገው ደግሞ የቅቤ፣ የጮማና የሚረጋ ዘይት ስብ ነው። የ2015–2020 የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያ የ300 ሚሊግራሙን ገደብ አነሳው።

ስለዚህ ከእንቁላሉ ይልቅ የሚጠበስበትን ዘይት ይመልከቱ። ቀቅለው ቢሰጧቸው እመርጣለሁ። እናትዎ ስኳር ወይም ከፍ ያለ ኮሌስትሮል ካለባቸው ግን የሚከታተላቸው ሐኪም የሚላቸውን ይስሙ።

«እኔ የተማርኩት ‹ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ› ብዬ ነው። ቀጥሎ ፒራሚድ መጣ። አሁን ልጄ ስለ ሳህን ታወራለች። ምን ተፈጠረ?» (አስተማሪ)

የኔታ፣ ያ ትምህርት ዛሬም አልተሻረም። የተለወጠው ከየትኛው ምን ያህል የሚለው ነው። በ1992 የወጣው የአሜሪካ የምግብ ፒራሚድ፣ ከየምግቡ ምን ያህል እንብላ የሚለውን የሚያሳየው ባለ ሦስት ማዕዘን ሥዕል፣ ከታች ሰፊውን ቦታ ለዳቦ፣ ለሩዝና ለፓስታ ሰጠ። በቀን ከ6 እስከ 11 ድርሻ (አንዱ ድርሻ አንድ ቁራጭ ዳቦ ያህል ነው) ብሉ ይል ነበር። ስብን ደግሞ ጫፍ ላይ፣ ከጣፋጭ ጋር አስቀመጠው። ሁለት ስሕተት ነበረበት። ከነገለባው የተፈጨውንና ነጩን ዱቄት አልለየም። የኑግ ዘይቱንና ቅቤውንም በአንድ ዓይን አየ። ሰው ስብ ፈርቶ ወደ ስኳርና ነጭ ዱቄት ሄደ። በ2011 ፒራሚዱ ቀርቶ በሳህን ሥዕል ተተካ፤ የሳህኑ ግማሽ አትክልትና ፍራፍሬ ነበር። ብራዚል በ2014 ከዚያ አልፋ ሄደች። ምግቡ በፋብሪካ ምን ያህል ተለውጧል የሚለውን ዋና መለኪያ አደረገች። ይህ አካሄድ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ልብ የሚያሳርፍ ነው፤ የቤት ምግብን ያከብራልና።

ኢትዮጵያም በ2022 የራሷን የአመጋገብ መመሪያ አውጥታለች። ከየምድቡ ቀያይሩ፣ ጨው፣ ስኳርና ቅባት ቀንሱ ይላል። እኛ ዘንድ ግን ሳህኑ ራሱ እንጀራ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎችዎ «ግማሽ ሳህን» ከማለት ይልቅ ጎመኑን፣ ካሮቱንና ቀይ ሥሩን አብዝተው እንጀራውን እንዲቀንሱ ቢነግሯቸው ቶሎ ይገባቸዋል። የማንጎ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ጣና ዳር ሰበብ የለንም።

«ሐይቁ ዳር የሚጠበሰው ዓሣ ጤናማ ነው?»

ዓሣው በጣም ጥሩ ነው። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ጥሩ ፕሮቲን አለው፤ ቫይታሚን ቢ12ም ይገኝበታል። የሚያሳስበኝ ዘይቱ ነው። ጠቁሮ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ ደጋግሞ የተጠበሰበት ከሆነ ይተዉት። ጉላሽ ወይም የዓሣ ወጥ ይዘዙ፤ በዘይት ከተነከረው ይሻላል።

«ጨው ስንት ይበቃል?» (ከዘጌ)

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል። ያ ለወጡ ብቻ አይደለም፣ ለቀኑ በሙሉ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው የገባበት ስለሆነ ወጡን ሳይቀምሱ አይጨምሩ። የሚገዙት አዮዲን ያለበት ይሁን፤ በደጋው አገራችን እንቅርትን የሚከላከለው እሱ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። እሳት አዮዲኑን ይቀንሰዋል።

«የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ቀላቅዬ እጋግራለሁ። ጉዳት አለው?»

የለውም። ነጩ የተፈተገ ሩዝ አሰሩና ብረቱ ከጤፍ ስለሚያንስ ጤፉን በዛ ያድርጉ። ምስር ወይም ጎመን ከጎኑ አይጥፋ።

«ልጄ በየቀኑ ለስላሳ ካልጠጣሁ ይላል።»

አንዱ የ300 ሚሊ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። በ2015 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአዋቂ የሚፈቅደው በቀን እስከ 50 ግራም ነው፤ ለልጅ ከዚያ ያነሰ። በአንዴ ከመከልከል ይልቅ መጀመሪያ ለእሑድ ብቻ ያድርጉለት። በሌላው ቀን ውኃ ያቅርቡለት፤ ዘይቱና (ጓቫ) ወይም አቡካዶ ቤትዎ ካለም እሱን ይስጡት።