«ልጄን መታሁትና ራሴ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ»

ጥያቄ፦ ዶክተር ከቡሬ ነው የምጽፍልዎት። የ7 አመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ አንድ ደቂቃ አይቀመጥም፣ ከትምህርት ቤት በየሳምንቱ ይጠሩኛል። ባለፈው ጀበናውን በእግሩ ገለበጠው፣ እህቱ ከፈላው ቡና ለጥቂት ተረፈች። መታሁትና ራሴ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እንቅልፍ የለኝም፣ ጨጓራዬ ያቃጥለኛል። ጎረቤት ሳትቀጣው ነው ያበላሸችው ይላል፣ አማቴ ቡዳ ነው ትላለች። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ?

መልስ፦ አይደለሽም እህቴ። ልጁን ሳላየው በሽታው ይሄ ነው አልልሽም፣ ግን እቤትም ትምህርት ቤትም እንደዚህ ከሆነና ከ6 ወር በላይ ከቆየ ኤዲኤችዲ የሚባለው፣ ልጁን አላስቀምጥ ትኩረትም አላስይዝ የሚል ችግር ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ በአብዛኛው በዘር የሚመጣ ነው፣ የልጁ የአእምሮ ፍሬን ቶሎ አይዝለትም፣ በቅጣት ማነስ የሚመጣ አይደለም። ጆሮውና አይኑም ይታይ፣ በደንብ የማይሰማ ልጅ እኮ እንቢተኛ ይመስላል።

አሁን ስላንቺ። የትምህርት ቤቱ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብሽ ድንግጥ ይላል አይደል? ሰውነትሽ ቀኑን ሙሉ አደጋ እንደሚጠብቅ ሰው ተወጥሮ ይውልና ማታ አልረጋ ይላል፣ እንቅልፉን የሚነሳሽም ጨጓራሽን የሚያባብሰውም ይሄ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ያጣች እናት ደግሞ ቶሎ ትጮሃለች፣ ስትጮህ ልጁ ይብሳል፣ ሲብስ ደክሟት የጠየቀውን ትሰጠዋለች፣ እሱም መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራል። ስለዚህ ያንቺ እረፍት የሱ መድሃኒት ነው፣ አባቱ ወይ አክስቱ በቀን አንድ ሰአት ይረከቡሽ፣ ይሄን ሳታፍሪ ጠይቂ።

ለሱ «ስርአት ያዝ» ከማለት ቁጭ ብለሽ አይን አይኑን እያየሽ «ጫማህን አውልቅ» በይው፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ሲያወልቅ ወዲያው አመስግኚው። ንዴቱ ሲመጣብሽ ደግሞ እሳትና ስለት አጠገቡ እንደሌለ አይተሽ ለትንሽ ደቂቃ ከቤት ወደ ግቢው ውጪ።

ፀበሉን ተይ አልልም፣ ውሰጂው፣ ግን ሃኪምም ይየው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደብረ ማርቆስ ወይ ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አእምሮ ህክምና ክፍል ሂዱ። አንቺን ደግሞ ሀዘኑና ምንም ነገር ደስ አለማለቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ድብርት ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይታከማል። ሞት የሚያስመኝሽ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻሽን አትሁኚ፣ ለሰው ተናግረሽ የዛኑ ቀን ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድረሺ። ልጁን ስትወስጂም ካርድ ሁለት አውጪ፣ አንዱን በስሙ አንዱን በስምሽ።