መልስ፦ ኮላግራፍ ያለ ማተሚያ ማሽን

ሰላም መምህር። ከተማሪዎችዎ ጋር ኮላግራፍ፣ ማለትም ካርቶን ላይ የተለያዩ ነገሮችን ለጥፎ ቀለም እየቀቡ በወረቀት የማተም ሥራ፣ ሲሠሩ ስለገጠመዎት ችግር ጠይቀዋል። የልጆቹ ካርቶን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታተምበት የሚረጥበውና ወረቀቱ የሚጣበቅበት ስላልታሸገ ነው። ጥሬ ካርቶን ቀለሙንም ውሃውንም ይመጥጣል። ተማሪዎቹ ለጥፈው ሲጨርሱ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ በተለይ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ያስቀቡት፤ ሽታው ከባድ ስለሆነ ከክፍል ውጭ ይሁን። ከዚያ አንድ ሌሊት ይደር። ነጭ የእንጨት ኮላም ያሽጋል፣ ግን ውሃ ሲነካው ስለሚለሰልስ ካርቶኑን አይጠቡት፣ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት።

ለሸካራነት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐዋሳ ሆነው የእንሰት ቃጫ እያለልዎት ሌላ ምን ይፈልጋሉ! መስመሩ ቀጭንና ሕያው ነው፤ እኔ ከጆንያ ቁራጭም ከደረቀ ቅጠልም አስበልጠዋለሁ። ዋናው ነገር ከፍታው ነው። ቀለም የሚቀባው ሮለር የሚነካው ወጣ ያለውን ብቻ ስለሆነ አንድ ልጅ ወፍራም ገመድ ከለጠፈ ዙሪያው ቀለም ሳይነካው ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሁሉም ከፍታ ተቀራራቢ፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው።

ለማተም ሳሳ ያለ ወረቀት አልብሰው በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ዳር ይሹት። አንዱን ጥግ ገለጥ አድርገው ይዩ፤ ካልጠቆረ ወረቀቱን ሳያነሱ እንደገና ይሹት። ፊደል የሚያስገቡ ልጆች ገልብጠው ይለጥፉ። ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያደርቀዋልና ወረቀቱ ቀድሞ ተቆርጦ ይጠብቅ።